መልክና ጽሕፈት፦ የሮም ቄሣሮች የወርቅ ገንዘብ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን

ፈሪሳውያን ከሄሮድስ ወገኖች ጋር ሆነው ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስን በቃል ሊያጠምዱት በመጡ ጊዜ ያቀረቡት ጥያቄ ስለ ግብር ነበር (ማቴ. 22፥15-22)። ጌታችንም የግብሩን ገንዘብ እንዲያሳዩት አዘዘ፤ ዲናርም አመጡለት። በገንዘቡ ላይ ያለው መልክና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። የቄሣር መሆኑን በገዛ አንደበታቸው ካስመሰከራቸው በኋላም ለቄሣር የሚገባውን ለቄሣር፣ ለእግዚአብሔር የሚገባውንም ለእግዚአብሔር እንዲያስረክቡ ነገራቸው። ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በዐውደ ምሕረት ስንሰማው ኖረናል። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ ላይ ምን መልክ እንደ ነበረ፣ ጽሕፈቱም ምን ይል እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ለጌታችን የቀረበው ዲናር የብር ነበር። ሊቃውንት እንደሚገምቱት የጢባርዮስ ቄሣር መልክ ያለበት ነው። ያው መልክና ያው ጽሕፈት ግን በወርቅም ይታተም ነበር፤ የቄሣሮች ክብር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየውም በወርቁ ገንዘብ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሮም ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ የቄሣርን አምላክነት ከማወጅ ተነሥቶ መስቀልን፣ በኋላም የጌታችንን ሥዕል እስከ መሸከም የደረሰበትን መንገድ እንመለከታለን። በወርቅ ላይ የተጻፈው ቃል በጻፈው ንጉሥ ሕይወት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተገኘም እንጠይቃለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወርቁ ገንዘብ አሠራርና ሚዛን

ሮማውያን ለረጅም ዘመን የተገበያዩት በነሐስና በብር ነበር። የወርቅ ገንዘብ ያሳተሙት አልፎ አልፎ፣ ይልቁንም ጦርነት ሲጠናባቸው ነው። ይህን ልማድ የለወጠው ዩልዮስ ቄሣር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት ከአንድ የሮም ሊብራ ወርቅ 40 ሳንቲም እየተመታ በብዛት እንዲወጣ አደረገ። የሮም ሊብራ 327 ግራም ገደማ ስለሆነ አንዱ ሳንቲም 8 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በላቲን «አውሬዎስ» ይባላል፤ ትርጉሙም «የወርቅ» ማለት ነው። ሊብራው ራሱ በ12 ኡንኪያ ይከፈል ነበር፤ ይህ ስም በዐረብኛ በኩል ተሻግሮ እኛ ወርቅ ስንመዝን የምንጠራው «ወቄት» ሆኗል።

ሳንቲሙ የሚሠራው በእጅ ነበር። ባለሙያው በትክክል የተመዘነውን ድብልብል ወርቅ በመስፍ ላይ በተተከለው የታችኛው ማኅተም ላይ ያስቀምጠዋል፤ የላይኛውን ማኅተም ከላዩ ያቆምና በመዶሻ ይመታዋል። በዚያ ምት በፊቱ የንጉሡ መልክ፣ በጀርባውም ሌላ ሥዕል ይወጣል፤ ዙሪያውን የንጉሡ ስምና ማዕርግ ይከበዋል። ማኅተሙ እየተበላ ሲሄድ በሌላ ስለሚተካና ምቱም በሰው እጅ ስለሆነ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ሳንቲሞች አይገኙም።

አንዱ አውሬዎስ በ25 ዲናር ይመነዘር ነበር። ጌታችን በወይኑ ቦታ ምሳሌ እንደ ተናገረው የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ አንድ ዲናር ከሆነ (ማቴ. 20፥2)፣ አንዱ የወርቅ ሳንቲም የ25 ቀን የድካም ዋጋ ነው። በአውግስጦስ ዘመን የአንድ እግረኛ ወታደር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ነበር፤ ይህም ዘጠኝ አውሬዎስ ይሆናል። ስለዚህ የወርቁ ገንዘብ በሹማምንት፣ በታላላቅ ነጋዴዎችና በጦር አለቆች እጅ ይዘዋወር ነበር እንጂ ድኻው በእጁ አይዘውም ነበር። ንጉሡ በአካለ ሥጋ ደርሶበት በማያውቀው ሀገር ሁሉ መልኩን ያደረሰለት ገንዘቡ ነው። ሠራዊቱም ደመወዙን በተቀበለ ቁጥር የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ በዐይኑ ያያል።

ቄሣር ራሱን ማን ብሎ ጠራ?

ጌታችን በተወለደ ጊዜ ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ ያወጣው አውግስጦስ ቄሣር ነበር (ሉቃ. 2፥1)። ዩልዮስ ቄሣር ከሞተ በኋላ የሮም ምክር ቤት ከአማልክት ስለ ቈጠረው፣ የእርሱ የጉዲፈቻ ልጅ የሆነው አውግስጦስ በገንዘቡ ላይ ራሱን «የመለኮታዊው ልጅ» እያለ አስጻፈ። እንግዲህ እውነተኛው የእግዚአብሔር ልጅ በቤተ ልሔም በበረት ሲወለድ ሌላ «የአምላክ ልጅ» በወርቅ ላይ ታትሞ በዓለም ገበያ ይዞር ነበር።

የጢባርዮስ ገንዘብም በዚሁ መንገድ ሄደ። በፊቱ የዘንባባ ሳይሆን የሎረል ቅጠል አክሊል የደፋ የንጉሡ መልክ አለ፤ ጽሕፈቱም ጢባርዮስ ቄሣር «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» መሆኑን ይናገራል። በጀርባው በትረ መንግሥትና የዛፍ ቅርንጫፍ የያዘች ሴት በዙፋን ተቀምጣ ትታያለች፤ በዙሪያዋ «ሊቀ ካህናት» የሚል የንጉሡ ማዕርግ ተጽፏል። ይህ ሥዕል ዛሬ በፈረንሳይ ሊዮን በምትባለው ከተማ በነበረው ማተሚያ በወርቅም በብርም ወጥቷል። ጌታችን መልኩንና ጽሕፈቱን በጠየቀ ጊዜ እንግዲህ ነገሩ የግብር ብቻ አልነበረም። እውነተኛው ወልደ እግዚአብሔርና እውነተኛው ሊቀ ካህናት፣ እነዚህን ሁለት ስሞች ለቄሣር የሚሰጥ ገንዘብ በፊቱ ቀርቦለት ነበር። የቄሣርንና የእግዚአብሔርን ለይቶ በመናገሩም ቄሣር አምላክ አለመሆኑን በዚያው ቃል አስታወቀ። ግብሩ ለቄሣር ይከፈላል፤ አምልኮ ግን አይከፈለውም።

ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ከጠፋች በኋላ አሸናፊው ቬስጳስያኖስ ያሳተመው የወርቅ ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በጦር ምርኮ ምልክት ሥር በሐዘን የተቀመጠች ሴት፣ ከሥሯም «ይሁዳ» የሚል አንድ ቃል። ጌታችን ከተማይቱን አይቶ ያለቀሰላት ኀዘን (ሉቃ. 19፥41) ለሮም የድል ማስታወቂያ ሆኖ በወርቅ ተቀረጸ።

የሰማዕታት ዘመን ሲደርስ የወርቁ ገንዘብ አሳዳጆቹ በማን ስም ያሳድዱ እንደ ነበር ይነግረናል። በ284 የነገሠው ዲዮቅልጥያኖስ ራሱን የጁፒተር ወገን ብሎ ሰየመ፤ ጁፒተር በሐዋርያት ሥራ ድያ ተብሎ የተጠራው ጣዖት ነው (ሐዋ. 14፥12)። በብዙ የወርቅ ሳንቲሞቹ ጀርባ ይኸው ጣዖት መብረቅ ይዞ ቆሟል፤ ጽሕፈቱም ጠባቂው መሆኑን ይገልጣል። በ303 አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትም እንዲቃጠሉ ያዘዘው ይህ ንጉሥ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ሰማዕታትን ከዚህ ንጉሥ መንገሥ ጀምራ የምትቈጥረው ስለ ገናናነቱ አይደለም፤ በዘመኑ ስለ ፈሰሰው የምእመናን ደም ነው። የዲዮቅልጥያኖስ ወርቅ ዛሬ በቤተ መዘክር ተቀምጧል፤ ዘመኑ ግን የሚጠራው በገደላቸው ሰዎች ስም ነው።

ሚዛኑ ሲጎድል

ቄሣሮች ራሳቸውን ከአማልክት ቢቈጥሩም የገንዘባቸውን ሚዛን ማጽናት አልቻሉም። ኔሮን በ64 ዓ.ም. ገደማ ከአንድ ሊብራ ወርቅ 45 ሳንቲም እንዲወጣ አደረገ፤ የአንዱ ክብደት ወደ 7.3 ግራም ወረደ። ካራካላ በ215 ቍጥሩን 50 አደረሰው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታት በየጊዜው እየተገደሉ በተተካኩበትና የውጭ ጠላት ድንበሩን በጣሰበት ዘመን የወርቁ ሳንቲም ክብደት ወጥነት አጣ፤ የብሩ ደግሞ ባሰ። ለወታደር ደመወዝ የሚበቃ ብር ሲጠፋ መዳብ እየተቀላቀለ በመጨረሻ በሳንቲሙ ውስጥ የቀረው ብር ከመቶ አምስት እጅ በታች ሆነ።

ዲዮቅልጥያኖስ ወርቁን በ60 ሳንቲም ለአንድ ሊብራ አጸናው፤ በ301 ደግሞ ለየሸቀጡና ለየሥራው ከዚያ በላይ መሸጥ የማይፈቀድበትን ዋጋ በዐዋጅ ወሰነ። በዚያ ዐዋጅ የአንድ ሊብራ ወርቅ ዋጋ 72,000 ዲናር ነው። በአውግስጦስ ዘመን አንድ ሊብራ ወርቅ 1,000 ዲናር ገደማ ያወጣ እንደ ነበር ስናስብ የገንዘቡ ውድቀት ይገባናል። ዐዋጁ ለሚተላለፉት የሞት ቅጣት ቢያስፈራራም ዋጋውን ሊያቆመው አልቻለም።

ቆስጠንጢኖስና ጽኑዑ ሳንቲም

በ310 ገደማ ቆስጠንጢኖስ በሚገዛው የምዕራብ ክፍል፣ ዛሬ በጀርመን ባለችው በትሪር ከተማ፣ አዲስ የወርቅ ሳንቲም ማሳተም ጀመረ። ከአንድ ሊብራ 72 የሚወጣ ሲሆን አንዱ 4.5 ግራም ያህል ነው። ስሙ «ሶሊዱስ» ተባለ፤ ምሉዕ፣ ጽኑዕ ማለት ነው። በ324 የመንግሥቱ ሁሉ ብቸኛ ገዥ ከሆነ በኋላ ይህ ሳንቲም በግዛቱ ሁሉ ተስፋፋ። ከአውሬዎስ ቢያንስም ስሙን አላሳፈረም፤ እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ለ700 ዓመት ያህል በክብደቱና በጥራቱ ጸንቶ ኖረ። አንዱ ሶሊዱስ በ24 ኬራቲያ ይከፈል ነበር። ኬራቲያ የካሮብ ዛፍ ፍሬ ነው፤ በግሪኩ ወንጌል የጠፋው ልጅ ሆዱን ሊሞላበት የተመኘው የእሪያዎች ምግብ የተጠራውም በዚሁ ስም ነው (ሉቃ. 15፥16)። ዛሬ ንጹሑን ወርቅ «24 ካራት» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በገንዘቡ ላይ ያለው ሥዕል ግን በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። ቆስጠንጢኖስ በ312 በመስቀሉ ምልክት ድል ካደረገ በኋላም ለብዙ ዓመታት የፀሐይ ጣዖት በሳንቲሞቹ ላይ ይታይ ነበር። በ313 በሰሜን ኢጣልያ የታተመና የዘጠኝ ሶሊዱስ ክብደት ያለው ታላቅ የወርቅ ሳንቲም ንጉሡንና ፀሐይን ጎን ለጎን ያሳያል። ይህ ምልክት ከገንዘቡ የጠፋው የኒቅያ ጉባኤ በተካሄደበት በ325 አካባቢ ነው። የሰው ልብ ከለመደው ነገር ፈጥኖ እንደማይላቀቅ፣ እግዚአብሔርም በትዕግሥት እንደሚመራ ከዚህ እንማራለን።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በቆስጠንጢኖስ ሕይወት ላይ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ወርቁ ገንዘብ ሁለት ነገር መዝግቧል። አንደኛው፣ ንጉሡ በወርቁ ሳንቲም ላይ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጸልይ ሰው ዐይኖቹን ወደ ላይ አንሥቶ እንዲሣል ማዘዙ ነው፤ እነዚህ ሳንቲሞች ዛሬም ይገኛሉ፤ ከ324 ወዲህ የታተሙ ናቸው። ከርሱ በፊት የነበሩት ቄሣሮች በሳንቲማቸው ላይ አምላክ ተብለው ሲጠሩ ይህ ንጉሥ ወደ ላይ የሚመለከት ሆኖ ታየ። ሁለተኛው፣ እናቱን ንግሥት እሌኒን ስላከበራት መልኳ በወርቅ ገንዘብ እንዲታተም ማድረጉ ነው። እኛ በመስከረም ወር መስቀሉን በመፈለግ የምናስባት ቅድስት እሌኒ በራሷ ዘመን በሰዎች እጅ በሚዘዋወር ወርቅ ላይ ታትማ ነበር ማለት ነው።

ወርቁና ድኻው

የሶሊዱስ ጽናት ለሁሉም እኩል በረከት አልሆነም። ቆስጠንጢኖስ ለማሳተሚያ የሚሆነውን ወርቅ ካገኘባቸው መንገዶች አንዱ ከጣዖት ቤቶች የተወሰደው ሀብት ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ይህ ወርቅ በገበያ ከበዛ በኋላ የባለጸጎች ስስት እንደ ነደደ፣ ድኾችም እንደ ተጨቈኑ ጽፏል። ምክንያቱ አይከብድም። ባለጸጋው ሀብቱን በጽኑዕ ወርቅ ያከማቻል፤ ድኻው ግን ዋጋው በየጊዜው በሚወርድ ነሐስ ይሸጣል፣ ይገዛልም። ግብር በወርቅ ሲጠየቅ ደግሞ ነሐሱን ይዞ ወደ ባለወርቁ መሄዱ የግድ ነው።

በዚያው ንጉሥ ዘመን በነጋዴዎችና በእደ ጥበብ ሠራተኞች ላይ በየአምስት ዓመቱ በወርቅና በብር የሚከፈል ግብር ተጣለ። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደ መሰከሩት የሚከፍሉት ያጡ ወላጆች ልጆቻቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ገንዘቡ ላይ የክርስቶስ ስም ምልክት ነበረ፤ ገንዘቡ የተሰበሰበው ግን በእናቶች ዕንባ ነው። ይህን ግብር በ498 የሻረው ንጉሥ አንስጣስዮስ ነው፤ ቅዱስ ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ በመንበሩ የተሾመውም በእርሱ ዘመን ነው። የግብሩ መቅረት በተሰማ ጊዜ የኤዴሳ (የሮሐ) ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ መብራት አብርተው፣ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ በአደባባይ መውጣታቸውን አንድ የሶርያ ዜና መዋዕል ተርኮልናል። ንጉሡ በዚያው ዓመት የነሐሱንም ገንዘብ አደሰ፤ ዋጋው በላዩ በግልጽ የተጻፈ ታላቅ የነሐስ ሳንቲም አወጣ። ሆኖም ግብሩን የሻረው ንጉሥ ድኻ ሆኖ አልሞተም። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው በ518 ሲያርፍ በግምጃ ቤቱ 320,000 ሊብራ ወርቅ ትቶ ነበር፤ ይህም 23 ሚሊዮን ሶሊዱስ ያህል ነው።

መስቀልና ሥዕለ ክርስቶስ በወርቅ ላይ

ከቆስጠንጢኖስ በኋላ የክርስትና ምልክቶች በወርቁ ገንዘብ ላይ እየበዙ ሄዱ። ምልክቱና እምነቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አልሄዱም። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ዳግማዊ ቆንስታንቲዮስ ሶሊዱሱን በብዛት ያሳተመ፣ የአርዮስንም ወገኖች የደገፈ ንጉሥ ነበር፤ ቅዱስ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደ። በ356 ገደማም ወደ አክሱም ነገሥታት ኢዛናና ሳይዛና ደብዳቤ ልኮ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ወደ እስክንድርያ ተመልሶ አትናቴዎስን በተካው አርዮሳዊ ጳጳስ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን ያቈየልን ራሱ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የንጉሡ ወርቅ በቀይ ባሕር ገበያ ተቀባይነት ነበረው፤ ደብዳቤው ግን በአክሱም ተቀባይነት አላገኘም።

ሌላው ምሳሌ የአርቃዴዎስ ሚስት ንግሥት አውዶክስያ ናት። ከ400 ወዲህ በታተሙት የወርቅ ሳንቲሞቿ ላይ ከሰማይ የተዘረጋች የእግዚአብሔር እጅ በራሷ ላይ አክሊል ስታኖር ትታያለች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን ከመንበሩ ያሳደደችው ይህች ንግሥት ናት። በ403 በቤተ ክርስቲያን አጠገብ የብር ሐውልት ሲቆምላት ቅዱሱ ሥርዐቱን ስለ ገሠጸ ቍጣዋ ነደደ፤ በ404 ለመጨረሻ ጊዜ ተጋዘ፤ በ407ም በስደት ዐረፈ። ንግሥቲቱ በወርቅና በብር መልኳን አተረፈች። ቤተ ክርስቲያን ግን «ወርቅ» የሚለውን ስም የሰጠችው ለተሰደደው ለእርሱ አንደበት ነው።

በ431 የኤፌሶን ጉባኤ በዘመኑ የተካሄደው ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ከ420 ገደማ ጀምሮ በሶሊዱሱ ጀርባ ረጅም መስቀል አሳተመ። መስቀሉን የያዘችው ግን ጥንት ጣዖት የነበረችው ክንፋም የድል ሴት ነበረች። በዮስጢኖስ ቀዳማዊ ዘመን (518-527) ይህች ሴት ቀርታ በስፍራዋ መስቀል የያዘ መልአክ ቆመ። በዳግማዊ ጢባርዮስ ዘመን (578-582) ደግሞ መስቀል ብቻውን በደረጃዎች ላይ ቆሞ፣ ጎልጎታን እያስታወሰ፣ የወርቁን ጀርባ ያዘ።

የጌታችን ሥዕል መጀመሪያ በሮም የወርቅ ገንዘብ ላይ የታየው በ450 ነው። መርቅያን ፑልኬርያን ሲያገባ በታተመው የሠርግ ሶሊዱስ ላይ ክርስቶስ በሁለቱ መካከል ቆሞ ይባርካቸዋል። ይህ መርቅያን ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለውን የኬልቄዶን ጉባኤ በ451 የጠራው፣ ቅዱስ ዲዮስቆሮስም ወደ ጋግራ የተጋዘበት ንጉሥ ነው። ስለዚህ በዚያ ወርቅ ላይ ያለውን ሥዕል በክብር ብንመለከትም ሥዕሉ ለአሳታሚው ሃይማኖት ምስክር አይሆንም።

ሥዕለ ክርስቶስ የሳንቲሙን ዋና ገጽ የያዘው ግን በዳግማዊ ዮስጢንያኖስ የመጀመሪያ ዘመነ መንግሥት (685-695) ነው። ከ700 ዓመት ያህል በፊት ጢባርዮስ በነበረበት ፊት ላይ ጌታችን «የነገሥታት ንጉሥ» ተብሎ ተሣለ። ንጉሡ ወደ ጀርባው ተሻግሮ መስቀል ይዞ ቆመ፤ ስሙም «የክርስቶስ አገልጋይ» ተባለ፤ በእኛ አጠራር «ገብረ ክርስቶስ» ማለት ነው። «የመለኮታዊው ልጅ» ከሚለው ጽሕፈት ተነሥቶ እዚህ መድረሱ ታላቅ ለውጥ ነው። ያም ሆኖ ይህ ንጉሥ በጭካኔው የታወቀ ነበር። በ695 አፍንጫው ተቈርጦ ተሰደደ፤ ተመልሶ ሲነግሥም በበቀል ደም አፈሰሰ፤ በ711ም ተገደለ። ከእርሱ በኋላ ሥዕለ ክርስቶስ ከገንዘቡ ጠፋ። ቅዱሳት ሥዕላትን የሚቃወሙ ነገሥታት ዘመን አልፎ በ843 ሥዕላት ወደ ክብራቸው ሲመለሱ በዮስጢንያኖስ ሳንቲም አምሳል እንደ ገና ታተመ። የእመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሥዕልም በሊዮን ስድስተኛ ዘመን (886-912) እጆቿን ለጸሎት ዘርግታ በወርቁ ላይ ታየች።

የአክሱም ወርቅና የሮም ሚዛን

ይህ ታሪክ ሀገራችንን በቀጥታ ይነካል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ንጉሥ እንዱቢስ የወርቅ ገንዘብ ሲያሳትም፣ አክሱም ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል የራሷን የወርቅ ገንዘብ ያወጣች የመጀመሪያዋ መንግሥት ሆነች። የሳንቲሙ ክብደት 2.7 ግራም ገደማ ነበር፤ ይህም የዲዮቅልጥያኖስ አውሬዎስ ግማሽ ነው። በቀይ ባሕር በኩል ከሮም ነጋዴዎች ጋር ለመገበያየት ሚዛኑ እንዲገጥም፣ ጽሕፈቱም በግሪክኛ እንዲሆን ተደረገ።

በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ የጨረቃና የክበብ ምልክት ነበር። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ያ ምልክት ተነሥቶ በስፍራው መስቀል ገባ። ይህ የሆነው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ሲሆን፣ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ረጅሙን መስቀል በሶሊዱስ ጀርባ ከማቆሙ በፊት ነው። የመስቀሉ ቦታም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከንጉሡ ራስ በላይ ነው።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴው ኮስማስ አንድ ታሪክ ጽፎልናል። ሶጳጥሮስ የሚባል ሮማዊ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ዛሬ ስሪ ላንካ ወደምትባለው ደሴት ሄደ። የደሴቲቱ ንጉሥ ከሮምና ከፋርስ የቱ መንግሥት እንደሚበልጥ ሲጠይቅ ሶጳጥሮስ የሁለቱን ገንዘብ አቅርቦ እንዲያወዳድር ነገረው። የፋርሱ ብር፣ የሮሙ ወርቅ ስለ ነበር ንጉሡ ለሮም ፈረደ። የአክሱምና የሮም ወርቅ አብረው እንደሚዘዋወሩ ደግሞ በየመን አል-ማዳሪባ በተባለ ስፍራ የተገኘው ክምችት ያሳያል፤ ከ1,100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ሲገኙ ብዙዎቹ የአክሱም፣ የቀሩት የሮም ሶሊዱስ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በመጠራ የተገኘው ነው። በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡ ቄሣሮች መልክ ያለባቸው 14 የሮም ሳንቲሞች የአንገት ጌጥ ሆነው ተገኙ፤ ከእነርሱም ጋር ሁለት የወርቅ መስቀሎች ነበሩ። በአንድ ወቅት ሰው ሁሉ እንዲሰግድለት የተፈለገው የቄሣር መልክ በክርስቲያን ሀገር ማዕርጉ ጠፍቶ ከመስቀሉ አጠገብ የሚንጠለጠል ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀረ።

አበው ከገንዘቡ የተማሩት

ቅዱሳን አባቶቻችን በየዕለቱ የሚያዩትን ገንዘብ ለትምህርት ተጠቅመውበታል። ለአንበሳ የተሰጠው ቅዱስ አግናጥዮስ (ምጥው ለአንበሳ) ወደ ሰማዕትነት ሲወሰድ ለማግኔስያ ምእመናን በጻፈው መልእክት ሁለት ዓይነት ገንዘብ እንዳለ አስተምሯል፤ አንዱ የእግዚአብሔር፣ አንዱ የዓለም ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ ማኅተም አለበት፤ ምእመናን የእግዚአብሔር አብን ማኅተም በክርስቶስ በኩል ይሸከማሉ። ቅዱስ አትናቴዎስ አርዮሳውያንን ሲረታ የንጉሥን ሥዕል ምሳሌ አድርጓል፤ ሥዕሉን ያየ ንጉሡን እንደሚያይ ወልድን ያየ አብን አይቷልና። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም በቤት ውስጥ የጠፋችውን ድሪም (ሉቃ. 15፥8-10) ሲተረጕም፣ ያች ገንዘብ በኃጢአት እድፍ የተሸፈነች በእኛ ውስጥ ያለች የንጉሣችን መልክ መሆኗን አስረድቷል። እድፉ ቢበዛም መልኩ አልጠፋም፤ መብራት አብርቶ፣ ቤቱን ጠርጎ የሚፈልግ ያገኘዋል።

ውድ አንባብያን፣ ቄሣሮች በአንድ ሺሕ ዓመት ውስጥ በወርቅ ላይ ብዙ ነገር ጽፈዋል። አንዳንዱ ሐሰት ነበር፤ አንዳንዱ እውነት ሆኖ ያስጻፈው ሰው አልኖረበትም። አውዶክስያን ከአፈ ወርቅ፣ መርቅያንን ከዲዮስቆሮስ የለየው በሳንቲም ላይ የተቀረጸው ምልክት አይደለም። ዛሬም በአንገታችን የወርቅ መስቀል እናስራለን፤ በእጃችን በምንይዘው ገንዘብም እንሸጣለን፣ እንገዛለን፣ ዐሥራት እናወጣለን። የገበያ ሚዛናችን የጎደለ፣ የሠራተኛችን ደመወዝ የተቀማ ከሆነ በአንገታችን ያለው ወርቅ እንደ አውዶክስያ ሳንቲም ይሆንብናል። ጌታችን ለቄሣር የሚመለሰውን ገንዘብ ለቄሣር ከተወ በኋላ ለእግዚአብሔር የሚመለሰው ምን እንደ ሆነ ለጠያቂዎቹ አልዘረዘረላቸውም። አበው ግን የእግዚአብሔር መልክ የታተመው በሰው ላይ መሆኑን ከኦሪት ዘፍጥረት (1፥26-27) ተነሥተው መልሰውልናል። ስለዚህ ሰው ራሱን ለአምላኩ ማስረከብ፣ የባልንጀራውንም መልክ ማክበር ይገባዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር